«ጸጥታ!» ብለው ለጮኹት ካፒቴን

ለክቡር ሚስተር ራናልድ ስትራካን
የኢንቨርካርን የባሕር ዳር ጎልፍ ክለብ ካፒቴን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ ደህና ነው? ባለፈው ቅዳሜ በረንዳው ላይ ቆመው ያን ያህል ከጮኹ በኋላ ድምፅዎ እንዳይዘጋ እኔና ባልንጀሮቼ ከልብ ሰግተናል። ኮትዎ ላይ የተረጨው ሾርባ ለቀቀ? ለባለቤትዎም፣ ለኮሚቴዎ አባላትም፣ ለታላላቆች ብቻ ለተለየችው ለዚያች የመስኮት ጠረጴዛም ሰላምታዬ ይድረስ። እኔ፣ ከጠየቁኝ፣ ደህና አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቆሜ ነው። ማንቆርቆሪያውን እጥዳለሁ፣ ሻዩን ሳልቀዳ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ ከመስኮቱ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ በሩ። ባለቤቴ ኢሽቤል «ላክላን፣ ወይ ቁጭ በል ወይ ውጣልኝ፤ ምንጣፌን ጨረስከው እኮ!» ብላኛለች። ስለዚህ ለምንጣፉ ስል እርስዎን ላመሰግን ተነሣሁ። በጋዜጣ ማድረጌም ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ላክላን ፔትሪ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። እርስዎ መርከብ የሌለዎት ካፒቴን እንደሆኑ ሁሉ እኔም ቧንቧ የሌለኝ ቧንቧ ሠሪ ነኝና እንግባባለን ብዬ አምናለሁ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር፣ ከሥጋ ሻጩ ከዱጋልና ከቀድሞው የጭነት መኪና ሾፌር ከጊልሞር ጋር፣ በአንድ መኪና ተጨናንቀን ወደ እርስዎ ባሕር ዳር እንመጣለን። ቅዳሜ እንጫወታለን፣ ማታ ወደብ ላይ ቆመን ዓሣና ድንች ጥብስ ከወረቀት ላይ እንበላለን፣ እሑድ ደግሞ እንጫወታለን። ሚስቶቻችን ይህን «የልጆቹ ሽርሽር» ይሉታል፤ ስንሄድ ደስ የሚለው ግን ከእኛ ይልቅ እነሱን ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የጊልሞር ዓይን መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን ያያል፤ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ግን ሰውም ይሁን ግድግዳ አያየውም። እግሩ ሥር ያለችውን ኳስ አንገቱን አዘንብሎ እንደምንም ይይዛታል፣ ሩቁ ግን ሁሉም ጭጋግ ነው። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት፣ ጋዜጣውን ተወ፣ የልጅ ልጁ ፊት እንኳ መሃሉ ባዶ ሆኖበታል። የቀረው ጎልፍ ነበር። «ይቺን ከወሰዱብኝ ምን ልሆን ነው? ወንበር ነው የምሆነው!» ይለን ነበር እየሳቀ። እኛ ግን ሳቁ ላይ አንስቅም ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ካልሲ። በዚያ ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ዱጋል ቁምጣ ለብሶ መጣ። ፀሐይ ባየ ቁጥር አገሬው ሁሉ ልብሱን እንደሚጥል እርስዎም ያውቃሉ። ጸሐፊዎ መኪና ማቆሚያው ላይ አስቁሞት፣ በእናንተ ሜዳ ቁምጣ የለበሰ ሰው ካልሲውን እስከ ጉልበቱ መሳብ እንዳለበት በትሕትና ነገረው፤ የክለቡ ዓርማ የተጠለፈበት ካልሲም ከሱቃችሁ አስገዛው። የዱጋል ባት ለባሕር ወፎች ምን ያህል አስጊ እንደሆነ ያሰበለት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረምና እግዜር ይስጥልኝ። ዱጋልም «በዚህ ዕድሜዬ ካልሲ የሚያስለብሰኝ ሞግዚት አገኘሁ!» ብሎ ቀኑን ሙሉ ካልሲውን ሲስብ ዋለ፤ አሁንም እያሳከከው ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጸጥታ። ሰው ኳስ ሊመታ ዱላውን ሲያነሣ በአካባቢው ያለ ሁሉ አፉን እንደሚዘጋ ከእርስዎ መማር አያስፈልገንም፤ ማስነጠሳችንን እየዋጥን ያረጀን ሰዎች ነን። አንድ ጊዜ ንብ ዱጋልን አንገቱ ላይ ስትነድፈው እኔ መትቼ እስክጨርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጊልሞር ግን በዝምታ ውስጥ የጉድጓዱ ምልክት የሆነው ባንዲራ የት እንደተተከለ አያውቅም። ስለዚህ እኔ አጠገቡ ሆኜ ዱላውን ከኳሷ ጀርባ አስተካክልለታለሁ፣ ዱጋል ደግሞ ቀድሞ ሄዶ ባንዲራው ሥር ይቆምና ይሰድበዋል። አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ይሰድበዋል። በመጀመሪያ «ወዲህ ነው፣ ወዲህ ነው» ይለው ነበር፤ ጊልሞር ራሱ ነው «እባክህ ስደበኝ! ስትለሳለስ ነፋሱ ይወስድብኛል፤ ስትሰድበኝ ግን ቀጥ ብለህ ነው የምትመጣው» ያለው። እናም ዱጋል «ና አንተ ጎታታ! ይቺንም ልትስት ነው? እናቴ በመጥረጊያ ትመታታለች!» ሲል የጊልሞር ፊት ይበራል፣ እግሩን ያስተካክላል፣ ወደ ስድቡ ይመታል። ይህን ሁሉ ጠዋት መግቢያው ላይ ላለው ሰውዬ ነግረነው «እኔን ምን ቸገረኝ፣ በዚህ ነፋስ ማን ይሰማችኋል?» ብሎናል። እርስዎ ግን ሰሙ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጆሮ ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ ሾርባው። ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ስንደርስ ጊልሞር ሁለታችንንም እየረታን ነበር፤ ጤነኛ ሳለ እንኳ እንዲያ አድርጎት አያውቅም። ከንፈሩን ይነክሳል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ይደፋል፣ «ፍጠኑ እንጂ፣ ፍጠኑ!» ይለናል። ያ ጉድጓድ ከምግብ አዳራሽዎ መስኮት በታች መሆኑን መቼም ለእርስዎ አልነግርዎትም። ዱጋል ባንዲራው ሥር ቆሞ «ና አንተ…» ብሎ ሲጀምር፣ እርስዎ ናፕኪኑ አንገትዎ ላይ እንደተንጠለጠለ በረንዳው ላይ ብቅ አሉና «ጸጥታ! ይህ የዓሣ ገበያ አይደለም! የዚህ ክለብ ሥርዓት…» ብለው ቀጠሉ። ዱጋል የሹም ኮት ቁልፍ ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ስለሆነ ስድቡ አፉ ላይ ቀረ። እኔም ለጊልሞር «ቆይ!» ልለው አፌን ከፈትሁ፤ ዳሩ ግን ጸጥታ ታዝዟል፣ እርስዎም ለሌላ ሰው ቃል የምትበቃ ክፍተት አልተዉም። በሜዳው ላይ የቀረው ድምፅ የእርስዎ ብቻ ሆነ። ጊልሞር በስድብ ቃና የሚናገር ሰው ሰማ፣ እግሩን አስተካከለ፣ መታ።

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ ያለ ምት አላየሁም። ኳሷ ባንዲራውን ትታ፣ ዱጋልን ትታ፣ በትከሻዎ በኩል አለፈችና በተከፈተው መስኮት ገብታ በጢስ ከደረቀ ዓሣና ከድንች የተሠራው ሾርባዎ ውስጥ አረፈች። ሾርባው በመስኮቱ ተረጭቶ ለኮትዎ ደረሰ እንጂ ሰው አልተነካም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን፣ ከልቤ ነው። ጊልሞር አንገቱን አዘንብሎ «ገባች?» ብሎ ጠየቀ። ዱጋልም ከታች ሆኖ «ገብታለች፤ ጉድጓዱ ግን ሌላ ነው!» አለው። እኔና ዱጋል ሳቅን፤ ስለ ሳቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን በክለብዎ ውስጥ ትእዛዝዎን ሰምቶ እንዲያ በቀጥታ ወደ እርስዎ የመጣ አንድ አባል እንኳ እንዳለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ስለ እጅ። እዚህ ላይ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ወደ ኢሽቤል ወጥ ቤት ገብቼ ወጣሁ። ጊልሞር የሆነውን ስነግረው ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ጠፋ። ክንዴን ይዞ ደረጃውን ወጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ድምፅዎ የጓደኛዬ መስሎኝ ነው» አለና እጁን ዘረጋ። እርስዎ ሁለት እጆችዎን ወደ ጀርባዎ አደረጉ። ፊት ለፊቱ ያለውን እንደማያይ አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ፤ ስለዚህ እጁ እንዳልተጨበጠ እንጂ ለምን እንዳልተጨበጠ አላወቀም፣ ዝም ብሎ ዘርግቶ ቆየ። እርስዎም በእሱ ራስ ላይ አሳልፈው ለእኔ «እንዲህ ላለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሬዲዮ አለለት» አሉኝ። እጁ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። የሚያፍሩበትን ነገር ከጀርባ መደበቅ መልካም ጠባይ ነውና ለዚህም አመሰግናለሁ።

ያን ጊዜ ዱጋል ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣና ከጎን ገብቶ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ የጊልሞርን እጅ ጨብጦ ነቀነቀ። ጊልሞርም አጥብቆ ያዘው። «አመሰግናለሁ፣ ካፒቴን» አለ። እኔና ዱጋል ተያየን። እስካሁን ድረስ እውነቱን አልነገርነውም፤ እንዴት ብለን እንነግረዋለን? በዚያ ማታ ወደብ ላይ ጥብሱን ለወፎች ሰጠው፤ እሑድ ሳንጫወት ተመለስን። በመኪናው ውስጥ ዱጋል እንኳ ተሳዳቢነቱን ረሳው።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ደብዳቤዎ ለጊልሞር ደረሰው። ማንበብ እንደማይችል ስለሚያውቁ ይመስለኛል ፊደሉን እንዲያ ያሳነሱት። እኔን ጠርቶ ደጃፉ ላይ አስነበበኝ፤ ‹ለሌሎች ደኅንነት አደገኛ ስለሆነ በሜዳችን ዳግመኛ እንዳይጫወት ተወስኗል› ይላል። ጊልሞር «አደገኛ? እኔ?» ብሎ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀጥሎ «ልክ ናቸው እኮ፣ ሰው ብመታስ ኖሮ?» አለና በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሣም። የጎልፍ ዱላዎቹን ከነቦርሳቸው ከአጥሩ ውጭ አውጥቶ አቁሟቸዋል፤ ያገለገለ ዕቃ የሚሰበስበው የበጎ አድራጎት ሱቅ መኪና ዓርብ ይወስዳቸዋል። ዝናብ እየዘነበባቸው ነው። ሄጄ ጃኬቴን አልብሻቸው እመጣለሁ፣ ነፋሱ ይገፈዋል፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ያበድሁ መስሎታል። መጋረጃው አይከፈትም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ወንበር እየሆነብኝ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካልሲውን ዱጋል ያሳክከው፣ ሾርባውን እኔ እተካለሁ፤ ‹አደገኛ› የምትለውን ቃል ግን መልሰው ይውሰዱ። በጽሑፍ አይደለም፣ አያይልዎትም። እዚህ ድረስ መጥተው በሩን አንኳኩተው፣ ያ ሁሉ አገር የሰማው ድምፅዎ እያለ፣ በአፍዎ ይንገሩት። ከዓርብ በፊት ቢሆን መልካም ነው።

በመስኮትዎ አጠገብ የዘላለም ጸጥታ፣ በሳህንዎም ውስጥ ከዓሣና ከድንች በቀር ሌላ ነገር እንዳይገኝ እየተመኘሁ፣ ለኮትዎና ለማዕረግዎ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ከእንግዲህ በሜዳዎ ላይ የማያስቸግርዎ ትሑት አገልጋይዎ፣

ላክላን ፔትሪ
ፔዝሊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ስሙ ስላለበት ይህን ለጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለጊልሞር ላነብለት ሄድሁ። በሩን አልከፈተልኝም፤ ስለዚህ ተንበርክኬ በሩ ላይ ባለው የፖስታ ማስገቢያ ቀዳዳ አነበብሁለት። ስለ እጁ ወደጻፍሁት ስደርስ ልዘለው ፈለግሁ፣ አልቻልሁም፤ እያለቀስሁ ጨረስሁት። ከበሩ ማዶ ሆኖ «የዱጋልን እጅ ነው የማላውቀው?» አለኝ። «አመልካች ጣቱን የሥጋ ቤቱ መጋዝ ከወሰደበት ጀምሮ ስጨብጠው ኖሬ! ካፒቴኑም እንደሱ ጣት የጎደለው መሰለህ?» «ታዲያ ለምን ‹አመሰግናለሁ፣ ካፒቴን› አልክ?» ስለው «ዱጋል ያታለለኝ መስሎት ደስ ይበለው ብዬ ነዋ» አለ። በሩን ከፈተና ቦርሳውን ራሱ ጎትቶ አስገባ። እንግዲህ እዚህ ድረስ አይድከሙ፣ ቅዳሜ ቤቱ የለም፤ ከእናንተ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ባለው የሕዝብ ሜዳ እንጫወታለን። አንድ ነገር ብቻ እንድጨምርልዎ አዝዞኛል፤ በረንዳዎ ላይ የተናገራት ያቺ ምስጋና የእርስዎ ስላልሆነች፣ በስህተት ወስደዋት ከሆነ ለዱጋል እንዲመልሱለት በትሕትና ይጠይቅዎታል።