ሚጡን አፍ ያስፈቱት የእታለም የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ በሙሉ እታለም እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሴት ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የሦስት ልጆች ታላቅ ነበሩና ወንድማቸውንም ታናሽ እህታቸውንም አዝለው አሳደጉ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ እናታቸው ታመው ስለተኙ ትምህርቱን ተዉት። በ1970 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ስድስት ዓመት አንሶላ አጠቡ፣ ተኮሱ፣ አጠፉ።

በ1975 ዓ.ም. ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም። ከስምንት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው በልብ ሕመም ሲሞቱባቸው ቤቱ ጭር አለባቸው።

በ1989 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው የሁለት ዓመት ልጇን ሚጡን ይዛ መጥታ «እታለም፣ ሥራ እስካገኝ ያዥልኝ» ብላ ትታላቸው ሄደች። ሚጡ ሦስት ዓመት ሞልቷትም ከማልቀስና በጣት ከመጠቆም በቀር አፏን አልፈታችም። ጎረቤቱ «ዲዳ ናት» ብሎ ሲደመድም፣ እታለም ልጅቷን ሆስፒታሉ ውስጥ ወደምትሠራ የንግግር ሐኪም ወሰዷት። ሐኪሟም በሳምንት አንድ ቀን ማሠራቷ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ዋናው ነገር ቤት ውስጥ በየቀኑ ለዐሥር ደቂቃ እንደ ጨዋታ የሚደረገው ልምምድ መሆኑን አስረዳቻቸው።

እታለም ዐሥሩን ደቂቃ አንድ ሰዓት አደረጉት። ከሥራ ሲገቡ በረኪና የላጠውን እጃቸውን ቅባት ቀብተው፣ ቁም ሣጥኑ መስተዋት ፊት ሚጡን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ልጅቷ «ከ»ን «ተ»፣ «ገ»ን «ደ»፣ «ረ»ን «ለ» ታደርግ ነበር። «ከ» እንድትወጣላት፣ ምላሷ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን በጀርባቸው ተጋድመው፣ ጣሪያውን እያዩ «ካ፣ ካ፣ ካ» ይላሉ።

እውነቱ አይደበቅምና ጭካኔም ነበረባቸው። አንድ ቀን ሚጡ ወደ ውሃ ስትጠቁም ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ይዘው «እፈልጋለሁ በይ» አሏት። ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ እስክታስመልስ ድረስ አልሰጧትም። ሐኪሟ ስትሰማ ተቆጣች። «ቃሉን እርስዎ ይበሉላትና ውሃውን ይስጧት። እንዲህ ከሆነ የምትማረው ፍርሃት ነው» አለቻቸው። እታለም አፍረው አለቀሱ፤ ዳግመኛም እንዲያ አላደረጉም።

በ1992 ዓ.ም. እናትየው አግብታ፣ ቤት ይዛ፣ ልጇን ልትወስድ መጣች። እታለም አልሰጥም አሉ። የቤተሰቡ ታላላቆች ሳሎን ተሰብስበው «እንግዲያው ልጅቷ ትጠየቅ» ሲሉ እናትየው ሳቀች። «ምኗን ትጠየቃለች? እሷ መናገር የት ታውቅና!»

እታለም ደማቸው ፈላ። ወንድማቸው እጅጌያቸውን ጎትቶ «ተይ፣ አትችልም ይበሉ፤ ላንቺ ይሻልሻል» ቢላቸውም አልሰሙትም። «ጠይቋት! ከማናችሁም በላይ ትናገራለች» አሉ።

ሚጡ እናቷ ያመጣችላትን ቀይ ጫማ ተጫምታ መሐል ቆመች። «ከእናቴ ጋር መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። «ከ»ዋም፣ «ጋ»ዋም፣ «ር»ዋም ጥርት ብለው ወጡ። አንድ አጎት ነገሩ ሳይገባው አጨበጨበ።

እታለም ልብሷን አጣጥፈው፣ የልምምድ ደብተሯን ከላይ አድርገው ሰጡ። እናትየው «ይኼ ከእንግዲህ ምን ያደርግላታል» ብላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ሄደች። እታለም ሁለት ጊዜ ሊጠይቋት ቢሄዱም «ልጅቷን አትረብሺያት» ተብለው ከደጅ ተመለሱ።

በ2015 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ባለፈው ጥር ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ፣ ወንድማቸው ቁጥሯን አፈላልጎ ለሚጡ ደወለ። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠው። «ይቅርታ፣ ልጅ ሆኜ አንዲት አክስቴ ዘንድ መቆየቴን እናቴ ነግራኛለች። እኔ ግን አላስታውሳቸውም። አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው።

እታለም «እስቲ ድገምና ደውልላት፤ ስትናገር ልስማ» አሉት። ደጋግሞ ደወለ። አላነሣችም።

እታለም የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ወንድማቸውን፣ እህታቸውንና ሁለት የወንድማቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። ራሳቸው «ልጄ ብላችሁ ጻፉ» ብለው ስላዘዙም፣ አንዲት ልጃቸው ሚጡ ትባላለች። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን።