ባዶው ቅጂ

ሰኞ፣ ጥር 5

እንደ ሁልጊዜው። ገባሁ፣ ስክሪኑን አየሁ፣ አረንጓዴ። የትናንቱ ዳታ በሙሉ ተገልብጧል ይላል። ትልቅ የመድኃኒት አከፋፋይ ነን... የትኛው ሆስፒታል ምን አዘዘ፣ ምን ተላከለት፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ዋናው ሰርቨር ቢቃጠል ወይ ውሃ ቢገባበት ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ የኔ ሥራ ነው። ቅጂው አለ። ግን ተከፍቶ ያውቃል? ኔትወርክ ክፍል ያለውን ጓደኛዬን፣ ጢሞ የምንለውን፣ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። ደህና የተቀመጠ ነገር አትነካኪ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ነካካሁት። ቅጂውን ትርፍ ኮምፒውተር ላይ ለመመለስ ሞከርኩ። ባዶ። ያለፈው ሳምንቱም ባዶ። ያለፈው ወሩም... አዲሱ ሲስተም ሲገባ ዳታው ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ማሽኑ ግን አሮጌውን ባዶ ፎልደር በትጋት ሲገለብጥ ከርሟል። አረንጓዴው አልዋሸም። ገልብጧል፤ ምንም የሌለበትን።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ለአለቃዬ ነገርኩት። ለማስተካከል ሲስተሙ ግማሽ ቀን መቆም አለበት አልኩት። የቦርድ አባላት ሊጎበኙን ስለሆነ አሁን ምንም አይነካም አለ። በሩን ዘጋ። ስለ ልጆቹ አወራ፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቼ...

"ከጠየቁሽ ዝግጁ ነን በያቸው። በኋላ እናስተካክለዋለን።"

በኋላ መቼ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊሆን?

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ባለቤቴ አለቃሽ ያለሽን በይ፣ ኃላፊው እሱ ነው አለኝ። ፈርቶልኝ ነው፣ አልፈርድበትም። እህቴም ነበረች። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ በኛ በኩል ነው የሚመጣው። "ያ ዳታ ቢጠፋ የኔ መድኃኒት የት መሄድ እንዳለበት ማን ያውቃል?" አለች።

ማንም፣ አልኳት።

እሑድ፣ ጥር 11

አልዋሽም። በቃ።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

መጡ። ዋና ሥራ አስኪያጇም አብረው። አንድ ሽማግሌ የቦርድ አባል ይህ ሕንፃ ዛሬ ቢቃጠል ነገ ሥራ ትጀምራላችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለቃዬ ከኋላቸው ቆሞ ዓይኑን ተከለብኝ።

"አንጀምርም" አልኩ። "ላሳይዎት።"

ቅጂውን ከፈትኩላቸው። ነጭ፣ ባዶ ስክሪን። አለቃዬ "ትንሽ የቴክኒክ..." ብሎ ጀመረና ተወው። የሚሰማው አልነበረም።

ዓርብ፣ ጥር 16

ከክፍሌ አንስተው መጋዘን ወረወሩኝ። ካርቶን መረከብ። ጥፋቴ? "ችግሩን በጊዜ አላሳወቀችም።" እኔ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ፣ ከዚያ ንዴቴ። ንዴቱ ይሻላል... እግር አለው። ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጣሁ። ጸሐፊዋ የሉም አለችኝ። እስኪመጡ እዚሁ ነኝ አልኳት። ቆይተው አስገቡኝ። በሰው ፊት እኛን ማዋረድሽ ልክ አልነበረም አሉ።

"በጓዳ ተናግሬ ነበር። በጓዳ የተነገረው ጓዳ ቀረ።"

ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ወንበሬን የምጠይቅ ሳይመስላቸው አልቀረም።

"በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዋናውን ሰርቨር ላጥፋውና በቅጂው እንሥራ። ከወደቅንም ሁላችንም ቆመን እያየን እንውደቅ።"

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሥራ አስኪያጇ ፈቅደውልኝ እነ ጢሞ ሲያስተካክሉ ከረሙ። ቅጂው አሁን ሌላ ከተማ ነው የሚቀመጠው። ዛሬ ጠዋት ሰርቨሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።

ወደቅን። ትዕዛዝ ቆመ፣ ስልኩ ፋታ ነሳ፣ አለቃዬ ላብ በላብ ሆነ። የአንድ ክፍል የይለፍ ቃል ተረስቶ ኖሯል። ፈልገን አገኘነው። ምሳ የበላ ሰው አልነበረም... ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሎቹ ትዕዛዝ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። ጢሞ ትከሻዬን ያዘኝ።

ሥራ አስኪያጇ መጋዘን ድረስ ወረዱ። የአደጋ ዝግጅቱ ከነገ ጀምሮ በእኔ እጅ ነው፤ ተጠሪነቴም ለእሳቸው ብቻ። ሊሄዱ ሲሉ ዞሩና ሁለተኛው ሙከራ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሠራተኛውን አስቀድመው ሊያስጠነቅቁ።

"አልነግርዎትም" አልኩ። "እሳት ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።"