ሞተሩን ሳላጠፋ

ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ እንዴት ነው? መሰረት የአረርቲ ሙቀት እንደተስማማህና ምርኩዝህን ጥለህ አጥሩን እየያዝክ መሄድ እንደጀመርክ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም አንተን የሚያስቆጣ ነገር ሠርቼ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ መነጽርህን አድርግና ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለመሰረት አታሳያት፤ እኅቴን እወዳታለሁ፣ ግን አፏን ታውቀዋለህ።

እሑድ ስትደውል "የደብረ ብርሃኑ ሰው ቅዳሜ ይመጣል፣ ሞተሩን አስረክቢው" አልከኝ። እኔም "እሺ" አልኩ። በስልክ ላንተ ከ"እሺ" ሌላ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም፤ ደብዳቤ የያዝኩትም ለዚህ ነው። አባባ፣ ሞተሩ አይሸጥም። ለምን እንደማይሸጥ ለማስረዳት ደግሞ ሦስት ዓመት የደበቅኩህን ነገር ማውጣቴ ግድ ነው።

ከሥራው ልጀምር። አንተ ጡረታ እስክትወጣ ከብትና ፍየል የከተብክባቸው የቆላ ቀበሌዎች አሁን የእኔ ናቸው። በእግር ስወርድ በክትባቱ ሳጥን ውስጥ ያለው በረዶ ከእኔ ቀድሞ ያልቃል። አምና ሁለት ጊዜ ክትባቱ ሞቆብኝ፣ ፍየሎቻቸውን ሰብስበው ሲጠብቁኝ ለነበሩ ሰዎች "በሚቀጥለው ሳምንት" ብዬ ተመልሻለሁ። ሽቅቡን ስወጣ አለቀስኩ፤ ይህንንም አልነገርኩህም። ሞተርህ ግን ጓሮ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቆሞ ዶሮ ያድርበት ነበር። "ያ ቁልቁለት የሴት እጅ አይፈልግም፤ እኔን እንኳ ጥሎኛል" ስላልክ አልነካሁትም።

በመስከረም ነካሁት። ዶሮዎቹን አባርሬ፣ እየገፋሁ አለምነህ ጋ ወሰድኩት። አለምነህን አታውቀውም። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ቤተሰቡ ደብረ ብርሃን መጠለያ ያሉ፣ እሱ ግን ሳምንቱን እዚህ ሞተር ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። በአገሩ ሳለ በዚያ ሁሉ ጭቃ ሰውና ቡና በሞተር ሲያመላልስ ኖሯል። ካርቡራተሩን እንዲያጥብልኝ ስጠይቀው ቀና ብሎ አየኝ።

"ማን ነው የሚነዳው?"

"እኔ።"

"ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"እንግዲያው ከካርቡራተሩ በፊት አንቺን ነው መጠገን" አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ የበልግ ገብስ ከታጨደበት መስክ ላይ ያለማምደኝ ጀመር። አንድ ወር ሙሉ ከፍሪሲዮን ሌላ ነገር አላስተማረኝም። አንተ ፍሪሲዮንን ማርሽ መቀየሪያ ብቻ አድርገህ ነበር የምታየው፤ እሱ ግን ሞተሩ ሁሉ ያለው እዚያች የግራ እጅ ማንሻ ላይ ነው ይላል። ስትጨብጣት ሞተርና ጎማ ይለያያሉ፣ ስትለቃት ይያያዛሉ። በመሃል ግን ጎማው ልሂድ አልሂድ የሚልበት፣ በጣትህ ብቻ የምታውቀው ጠባብ ቦታ አለ። ያንን ቦታ አግኝቼ እዚያው እንድቆይ ነበር የሚፈልገው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። እሱ በጉን እንደሚነዳ ሰው ቀስ እያለ ከፊቴ ይሄዳል። እኔ በሞተር ከኋላው እከተላለሁ፤ ልቀድመው አይፈቀድም፣ እግሬንም መሬት ላላስነካ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ። አንዴ ደግሞ ለቀቅ አድርጌው ከኋላው ገጨሁት። ሱሪውን እያራገፈ "ሱታ፣ ሱታ" አለኝ፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቱ ነው። "የቸኮልሽው የት ልትደርሺ ነው? እኔ እንደሆን እዚሁ ነኝ።"

ክንዴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ያድር ነበር። በሳምንቱ ግን እጄ አንድ ነገር አስታወሰኝ። መርፌ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። "አትግፊው፣ መድኃኒቱ ራሱ ይግባ፤ ቆዳው ሲቀበልሽ ጣትሽ ይነግርሻል" ትለኝ ነበር። ፍሪሲዮኑም ያው ሆኖ አገኘሁት። እኔ ደግሞ የምከትበው በግራ እጄ ነው። ልጅ ሳለሁ በግራዬ ስጽፍ እርሳሱን ከእጄ እየነጠቅክ ወደ ቀኜ የምታዞረው ትዝ ይልሃል? እግዜር ይመስገን፣ አልተሳካልህም። በሁለተኛው ወር ከአለምነህ ጀርባ አንድ ክንድ ርቄ፣ ሳልቀድመውና ሳይጠፋብኝ መስኩን ዞርኩት። እሱም ዞር ብሎ "አሁን ደከመኝ፣ ብቻሽን ሂጂ" አለኝ።

ቁልቁለቱን ግን ወዲያው አላስወረደኝም። መጀመሪያ አንድ ነገር ነገረኝ። "ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን የጨበጠ ሰው ያዥ የለውም። ሞተሩ ነው ሰውየውን የሚይዘው። የዚህ አገር ሰው ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ አጥፍቶ ይወርዳል፤ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ገደል ነው" አለ።

አባባ፣ አሁን ወደዚያች ቀን ልመለስ ነው። አትቆጣ።

አንተ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል በተወሰድክበት ቀን ሞተሩን ለማምጣት የወረድነው እኔና የመሥሪያ ቤቱ ታመነ ነበርን። ታመነ መንገድ ላይ ሰው አቆመውና የወይራዋ መታጠፊያ ጋ ቀድሜው ደረስኩ። ሞተሩ ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ቁልፉ ወደ ማጥፊያው ዞሯል፤ ማርሹም ፎሌ ላይ፣ ባዶ ነበር። "ከጎረቤላ አልዩ አምባ ያለ ጠብታ ቤንዚን" እያልክ የምትፎክርበትን፣ ባለሞተሮቹ ሁሉ ካንተ ለመብለጥ የሚፎካከሩበትን መውረድ ነበር የወረድከው። ታመነ ሳይደርስ ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዞርኩት። ማርሹንም ሁለተኛ አስገባሁት።

ከዚያ አንተ "የነጋዴ አህያ ዘላ ገባችብኝ" አልክ። ሰው ሁሉ አመነህ። እኔም አብሬ ስለ አህያዋ አወራሁ፤ አንዳንዴ ዳማ ነበረች እያልኩ ቀለሟን ሁሉ ጨምሬያለሁ። በዚያን ጊዜ በጣም ተናድጄብህ ነበር። ግን ሰው ፊት ከምታፍር የማላውቃትን አህያ መክሰስ ቀለለኝ። ስለምወድህ ነው የደበቅኩት፤ አሁን የማወጣውም ስለምወድህ ነው። ሞተሩን የምትሸጠው "መንገዱ ነው የጣለኝ፣ ልጄንም ይጥላታል" ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። መንገዱ አልጣለህም። የጣለህን ነገር እኔ አይቼዋለሁ፣ እኔ ደግሞ አላደርገውም።

ማስረጃ ትፈልግ ይሆናል። ባለፈው ማክሰኞ ከአልዩ አምባ በታች ፍየሎች መሞት ጀመሩ ተብሎ ተደወለ። ሳጥኑን ከኋላ አሰርኩና ሞተሩን አስነሥቼ ወረድኩ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ለቅቄ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ ያዘኝ። ወይራዋ ጋ ስደርስ አፌ ደርቆ ነበር፣ አልዋሽህም። እጄ ግን ፍሪሲዮኑን አልጨበጠም።

ስደርስ በረዶው እንዳለ ነበር። እማማ ዘርፈሽዋል ፍየሎቻቸውን ይዘው ከአጥር ውጭ ቆመዋል። ወደ እኔ መጥተው በሻሽ የተሸፈነ ፊቴን አተኩረው አዩ።

"የገዛኸኝ ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ፣ እማማ።"

"አባትሽ ድምፅ አልነበረውም እኮ። 'እንደምን ዋላችሁ' ሲል ነበር መምጣቱን የምናውቀው። አንቺን ግን ከላይ ከመታጠፊያው ጀምሮ ሰማንሽ። ፍየሎቹንም ያኔውኑ ነው የሰበሰብናቸው፣ አላስጠበቅንሽም" አሉኝ።

እስከ ቀትር አንድ መቶ ሠላሳ ፍየል ከተብኩ። ስመለስ ደግሞ ያቺው መታጠፊያ ላይ፣ ሽቅቡ መሃል ላይ ስደርስ አህዮች መጡብኝ። እውነተኛ አህዮች፣ አባባ፣ ጭነት ያላቸው፣ ሰባት። ጉም ወርዶ ድንጋዩ ረጥቧል፤ ቀኜ ገደል ነው። በእግር ፍሬን ያዝኩ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ቆምኩ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። ሰባቱም አንድ በአንድ ጉልበቴን እየታከኩ አለፉ። የመጨረሻዋ ዳማ ነበረች፤ ሳቄ መጣ። ነጂው "አይዞሽ እኅቴ፣ ልግፋልሽ?" አለኝ። "ግድ የለም" አልኩት። ከዚያ ያቺን ቦታ በጣቴ ፈለግኳት። ጎማው ልሂድ ሲል ነዳጅ ጨመርኩ፣ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ አንድ ጋት እንኳ ወደ ኋላ ሳልንሸራተት ወጣሁ። ሰውየው ከኋላዬ ሲያፏጭ ሰማሁት።

አሁን ሦስት ባለሞተሮች ቅዳሜ ቅዳሜ መስኩ ላይ አለምነህን ከኋላ ሲከተሉ ታያቸዋለህ፤ አንደኛው ታመነ ነው። ይማራሉ፣ ግን ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ "ጋሽ ገዛኸኝ አጥፍቶ አይደል ሃያ ዓመት የወረደው? እሱን የጣለችው አህያ ናት" ይሉኛል። እኔ የምናገረው አይደለም፤ ያንተ ነው። ካንተ አፍ ቢሰሙት ግን ማናቸውም ዳግመኛ ሞተሩን አጥፍቶ አይወርድም። ካላልከኝ አልናገርም። ብትነግራቸው ግን እንደምኮራብህ እወቀው።

የደብረ ብርሃኑን ሰው ደውዬ አትድከም ብዬዋለሁ። በዚህ ተቆጣኝ፣ ቁጣህን ችያለሁ።

ከሁለቱ ቁልፎች አንዱ አንተ ጋ እንዳለ አውቃለሁ፤ መሰረት ትራስህ ሥር አይታዋለች። ከጥምቀት በኋላ አረርቲ እመጣለሁ፣ በሞተር። ቁልፍህን ይዘህ በር ላይ ቁጭ በል። ከኋላዬ ትቀመጣለህ፣ ወገቤን ትይዛለህ፣ ጎረቤላ ተመልሰን ወይራዋን አብረን እንወርዳታለን። መምጣቴን "እንደምን ዋልክ" እስክልህ አትጠብቅ። ከሩቅ ትሰማኛለህ።

ግራኟ ልጅህ፣
ይታይሽ ገዛኸኝ