ላልነበሩ ሻርኮች ስለሚጠለቅልኝ ሜዳልያ

ለክቡር የሳንታ ኦሊቫ ደሴት የባሕር ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር
ፑንታሬናስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ማዕበል በማይደርስበት በሦስተኛው ፎቅ ቢሮዎ ውስጥ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይናወጥ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ጉልበቴን ጨው ከመብላቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ያልሆነው ኅሊናዬ ነውና ስለ እርሱ ይህን ደብዳቤ በወደባችን ጋዜጣ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያነበበው፣ እጽፍልዎ ዘንድ ግድ ሆነብኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከክቡርነትዎ የተላከ ፖስታ ሁለት ወረቀቶች ይዞ ደረሰኝ። አንደኛው፣ እንግዶች ለዐሥር ቀን እየበሉና እያደሩ በሚጠልቁባት «ላ ጋርሳ» በተባለችው መርከብ ሃያ ስድስት ዓመት የጠላቂዎች መሪ ሆኜ ያየኋቸውን መዶሻ ራስ ሻርኮች በታማኝነት ስለ መዘገብሁ፣ በመጪው ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ «የደሴቲቱ ዓይን» የተሰኘ ሜዳልያ እንደሚጠለቅልኝ ያበሥራል። ሁለተኛው፣ በዚሁ በእኔ መዝገብ መሠረት ሻርኮቹ ስለ በዙና ሥጋቱ ስላለፈ፣ በደሴቲቱ ሰሜናዊ ወሽመጥ የሚገኘው የጥበቃ ጣቢያ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ ያስታውቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳነብ ፊቴ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ፤ ሚስቴም ትኩሳት የያዘኝ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ስለዚህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስላመኑኝ እከስዎታለሁ። የሻርኩ ቁጥር በመርከባችን እንዴት እንደሚገኝ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ከባሕሩ ሳይሆን ከገበታው እንደሚወጣ በነገርሁዎ ነበር። በቀኑ ሦስተኛ ጊዜ ጠልቀን ከወጣን በኋላ፣ ሩዝና ጥቁር ባቄላው ከመቅረቡ በፊት፣ የጽሕፈት ቤትዎን ሰማያዊ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ እዘረጋና «እንግዲህ ስንት አየን?» እላለሁ፤ አንዱ አርባ ይላል፤ ውሃ ውስጥ ካሜራውን ሲያስተካክል የቆየው መቶ ይላል፤ ከዓለም ዳርቻ በርሮ፣ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሙሉ እያስመለሰው ባሕር ያቋረጠ ሰው ጥቂት አየሁ ብሎ መመለስን አይወድምና፣ ገበታው የተስማማበት ይጻፋል፤ ሁሉም ይፈርማሉ። የቅጹም ግልባጭ በወደቡ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍና መጪው እንግዳ የሚሳፈርበትን መርከብ የሚመርጠው እርሱን አንብቦ ስለሆነ፣ ካፒቴናችን ሪጎቤርቶ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ዶን ኤቫሪስቶ፣ የዚያኛው መርከብ ሰዎች ባለፈው ሳምንት ሁለት መቶ ጽፈዋል እኮ! እኛ ሃያ ብለን በምን ዓይናችን ወደብ እንገባለን? ይጨምሩበት እንጂ፤ ሻርኩ እንደሆነ አይከስዎት!» ይለኝ ነበር። እኔም እጨምር ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ባለሙያዎችዎ ትጋት ያደረብኝን አድናቆት የምገልጽበት ቃል አጣሁ። ከአራት ዓመት በፊት ሞተራችን ተሰብሮ ሦስት ቀን ሙሉ ከወደቡ ሳንነሣ በቀረንበት ሳምንት፣ ቅጹ ባዶ ከሚሄድ ብዬ መቶ ሃምሳ ሻርክ ጻፍሁ። ያም ቅጽ በክብር ማኅተም ተመትቶበት፣ ዛሬ በቢሮዎ መግቢያ በተሰቀለው ባለ ቀለም ሥዕል ላይ፣ ወደ ሰማይ በሚወጣው መስመር መካከል አንዲት ነጥብ ሆኖ ይኖራል። መስመሩ እጅግ ያምራል።

ይህን ስል ግን ውሸቱን እናንተ አስተማራችሁኝ ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያዋን ቀን አልረሳትም። ጡረታ የወጣች የዴንማርክ መምህርት ነበረች፤ መነጽሯ ውሃ እያስገባ ስላስቸገራት፣ ከሥር የቆየንበትን ጊዜ ሁሉ ከመነጽሩ ጋር ስትታገል አሳልፋ ምንም ሳታይ ወጣች። እኔ በእጅ ሰሌዳዬ ላይ ዐሥራ ሰባት ቆጥሬ ነበር። «ብዙ ነበሩ?» አለችኝ፣ ከንፈሯ በብርድ እየተንቀጠቀጠ። «ኧረ ምን ብዙ ብቻ፣ እመቤቴ! በራስዎ ላይ ሲያልፉ እኮ ውሃው ጠቆረ!» አልኋት። ፊቷ በራ፤ እኔም በቅጹ ላይ ስድሳ ጻፍሁ። ርኅራኄ መስሎኝ ነበር፤ ርኅራኄው ግን በሁለተኛው ሳምንት ልማድ፣ በሁለተኛው ዓመት ዝና ሆነኝ።

ሦስተኛው አቤቱታዬ ክቡርነትዎ በመዝገብ ቁጥሯ እንጂ በመልኳ ስለማያውቋት ስለ ኒድያ ኮራለስ ነው። ኒድያ በሰሜናዊው ወሽመጥ ዐሥራ አንድ ዓመት በጥበቃ ሠራተኛነት ኖራለች፤ ሌቦች ሻርኩን ለክንፉ ሲሉ የሚዘረጉትን፣ ሺህ መንጠቆ የተሰካበትን ገመድ ከባልደረባዋ ጋር ሆና በባዶ እጇ የምትስብ፣ መዳፏ በጠባሳ የተሸመነ ሴት ናት። ቅጻችንን የምትሰበስበውም እርሷ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ መርከባችን ወጥታ የዕለቱን ቁጥር ስታነብ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት እንዲህ አለችኝ፦ «ዶን ኤቫሪስቶ፣ ጠዋት እኔም እናንተ በጠለቃችሁበት አለት ሥር ነበርኩ። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ይኼን መቶ ሃያ ከየት አመጡት?»

«አንቺ ልጅ፣ ሻርክም እንደ ሰው ነው፤ የመንግሥት ልብስ ሲያይ ይሸሻል» አልኋት።

ገበታው በሣቅ ፈነዳ። ሪጎቤርቶም ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ «ኒድያዬ፣ መነጽር እናዋጣልሽ እንዴ?» አለ። እርሷ አልሣቀችም፤ ቅጹን አጣጥፋ በመሰላሉ ወደ ጀልባዋ ወረደች።

የራሷንም ቁጥር ለብቻው ጽፋ ላከችልዎ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ጉዳዩን እስከ ደሴቲቱ ድረስ ሄዶ በማጣራት ራሱን ሳያደክም፣ «ልምድ ካካበቱት መሪ መዝገብ ጋር የማይጣጣም» ሲል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በማኅደሯ ውስጥ አኖረባት። በዚያ ማስጠንቀቂያ ላይ ስሜ እንደ ምስክር ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ ስለ ተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ባለማወቅ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀና ብዬ በሄድሁ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌ ጠላቂ ያየውን ሳይቆጥር መውጣት አይሆንለትምና፣ በውሃ ውስጥ በእጅ ሰሌዳዬ ላይ በእርሳስ የያዝሁትን ቁጥር ሰሌዳውን ከማጥፋቴ በፊት ወደ ግል ደብተሬ ስገለብጥ ኖሬአለሁ፤ እውነተኛው በኪሴ፣ ሐሰተኛው በእርስዎ ግድግዳ። ኒድያ ዐሥራ ሁለት ባለችበት ቀን ደብተሬ ዐሥራ አንድ ይላል። ያመለጠኝን አንዱን አይታዋለች ማለት ነው፤ መነጽር የሚያስፈልገውስ ለእኔ ነበር።

ፖስታዎ በደረሰኝ ማግሥት በተነሣነው ጉዞ፣ ደብተሩን ይዤ ወደ ጣቢያው ወጣሁ። ሳህኖቿን በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለለች በካርቶን ትከት ነበር። «ይቅርታ ልጠይቅሽ መጣሁ፣ ኒድያ» አልኋት። ቀናም አላለች።

«እኔን ምን ያደርግልኛል፣ ዶን ኤቫሪስቶ? ዐሥራ ሁለት እንደነበሩ እኔ ያን ጊዜም አውቃለሁ። ለማያውቁት ይንገሩ። ሰው ፊት ነው ያሳቁብኝ፤ ሰው ፊት ይናገሩ» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «በሉ ያችን ገመድ ያቀብሉኝ፤ ካርቶኑን ልሰር» አለች።

ገመዱን አቀበልኋት። ቃሏንም ይኸው ፈጸምሁ።

እንግዲህ ሜዳልያውን አልቀበልም። ደብተሩን፣ ሃያ ስድስቱንም ዓመት፣ ትናንት ጠዋት በመዝገብ ቤትዎ አስረክቤ የተቀባይ ፊርማ ወስጃለሁ። እዚያ እንደሚያነቡት፣ በዚያው አለት ሥር በጀመርሁበት ዓመት በአንድ ቀን ሁለት መቶ ዐሥር ቆጥሬ ነበር፤ ባለፈው ጉዞ የቆጠርሁት አራት ነው። ጣቢያው ከተዘጋ መንጠቆው በሳምንቱ ይዘረጋል፤ አራቱንም የሚቆጥር አያስፈልግም። ስለዚህ ጣቢያው እንዳይዘጋ፣ ማስጠንቀቂያውም ከኒድያ ኮራለስ ማኅደር ወጥቶ፣ ማኅደር ካስፈለገ፣ በእኔ ስም እንዲከፈት፣ ሽበቴ በሚፈቅድልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ያልጠየቁኝን ሁሉ ስላልጠየቁኝ፣ የጻፍሁትን ሁሉ ስለ ተቀበሉኝ፣ ውሸቴንም በሚያምር ክፈፍ ስላኖሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ሐፍረት ጋር፣ በማዕረግዎ ፊት ባርኔጣዬን አውልቄ፣

የቀድሞ ታማኝ ምስክርዎ፣
ኤቫሪስቶ ብሬነስ

ማስታወሻ፦ ባለሙያዎችዎ ደብተሩን እስከ ቅዳሜ አንብበው መጨረስ እንደማይችሉ ስለ ገመትሁ፣ ገጾቹን በሦስት መቶ ግልባጭ አስባዝቻለሁ፤ በሥነ ሥርዓቱም ሰዓት በአዳራሹ ደጃፍ ቆሜ ለሚገባው ሁሉ በእጄ አድላለሁ። ክቡርነትዎ በሌላ በኩል ለመግባት እንዳይደክሙ አስቀድሜ አጣርቻለሁ፤ አዳራሹ ያለው በር አንድ ብቻ ነው።