አትጎትቺ ብለሽኝ ነበር

ውድ ሰብለ፣

ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅሁ ነው ወደ ወረቀት የዞርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ደውያለሁ። አንድ ቀን አነሣሽውና ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። አልፈርድብሽም፤ እኔ ብሆን ከነጭራሹም አላነሣውም ነበር። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ እንኳ ሦስቴ ተነሥቻለሁ። አንዴ ነፋሱ የሱቁን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጨው ላየው፣ አንዴ ካውያውን እንዳልረሳሁት ላረጋግጥ፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደተነሣሁ እኔም አላውቅም። "የብርነሽ ወንበር እሾህ አለው" እያልሽ ትስቂብኝ የለ? አሁንማ ብሶብኛል።

ትዝ ይልሻል መጀመሪያ የመጣሽ ቀን? ፊዚክስ ልታስተምሪ ንፋስ መውጫ ከገባሽ ገና ሳምንትሽ ነበር። ሁለት አሮጌ ጃንጥላ ይዘሽ ሱቄ መጣሽ፤ ልታስጠግኚ መስሎኝ "አስቀምጪው" አልኩሽ። "አይ፣ ጨርቁን ቅደጂልኝ፣ ሽቦውንም እፈልገዋለሁ" አልሽ። ጤነኛ አልመሰልሽኝም። ከዚያ ስልክሽን አውጥተሽ ሁለት ሴቶች በአንድ ባሕር ዳርቻ ጎን ለጎን ቆመው ካይት የሚሉትን የጨርቅ በራሪ በክር ይዘው ሲያበርሩ አሳየሽኝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ክር ይዘዋል፤ የቀኙን ሲስቡ ካይቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ የግራውን ሲስቡ ወደ ግራ። "ለሳይንስ ክበቡ ልጆች ነው" አልሽና ሳቅሽ፤ "እዚህ አገር ከነፋስ ሌላ ምን ትርፍ አለን?" የዚያን ዕለት የሰው ቀሚስ ጥዬ የአንቺን ጃንጥላ ስቀድ አመሸሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ካይት ካበረርንበት ቀን ይልቅ የተጠላለፈ ክር ስንፈታ የዋልንበት ይበልጣል። አሥራ ሁለት ዓመት በልብስ ስፌት የኖርኩ ሴት፣ ክር ሲወሳሰብብኝ የማውቀው መድኃኒት መቀስ ብቻ ነበር። አንቺ መቀሴን ኪስሽ ትከቺና ሣሩ ላይ ትንበረከኪያለሽ። ጫፉን አትነኪም። የተጠላለፈውን በጣትሽ እያላላሽ፣ እያሰፋሽ፣ አየር እያስገባሽበት፣ "እስክትጎትቺው ድረስ መጠላለፍ ብቻ ነው፤ ስትጎትቺው ነው ቋጠሮ የሚሆነው" ትይኝ ነበር። ካይት አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሁለቱ ክሮቹ እርስ በርስ አንድ ጊዜ እንደሚጠማዘዙም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ያ አያስፈራም፤ በመጣበት ተቃራኒ ሲዞር ይፈታል። የሁለት ሰው ክር ሲያያዝ ግን ማንም ወደ ኋላ አይሄድም፤ ሁለቱም እጃቸውን አላልተው አንዱ ወደ ሌላው ይራመዳል። ይህን መቶ ጊዜ ነግረሽኛል።

አሁን የታኅሣሡን ልንገርሽ። ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን አልሰማሽውም።

ተማሪዎችሽ ከዳገቱ ላይ ተደርድረው ነበር። ከእኛ በታች ጋሽ አንዳርጌ በአውድማቸው ገብስ ያበራያሉ። የተስማማነው አንድ ዙር ወደ ቀኝ፣ አንድ ዙር ወደ ግራ ነበር። ቀኙን አብረን ዞርን፤ አንቺ ወደ ግራ መልሰሽ ፈታሽው። እኔ ግን ልጆቹ እልል ሲሉ ደሜ ሞቀ። ወደ ግራ በመመለስ ፈንታ አንድ ዙር ለእልልታው፣ አንድ ደግሞ ለራሴ ወደ ቀኝ ጨመርኩ፤ በአንቺ ክር ዙሪያ። "ግራ! ግራ!" ስትይ ሰምቻለሁ። ክራችን ሲያያዝ ጊዜ "ብርነሽ፣ አትጎትቺ! ወደ እኔ ነይ!" ብለሽ ጮኽሽ፤ እሱንም ሰምቻለሁ። እኔ ወደ ኋላ ሮጥኩ፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ። ክሬ ክርሽን እንደ መጋዝ በጠሰው። ካይትሽ ተምዘግዝጎ አውድማው መሐል ወደቀ፤ በሬዎቹ በረገጉ፤ ጋሽ አንዳርጌን ገፍትረው ጥለዋቸው ወጡ፤ የቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ።

ሽማግሎች ተሰበሰቡ፤ የወደቀው ካይት የአንቺ ስለነበር የተጠየቅሽው አንቺ ሆንሽ። መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከሽማግሎቹ መሐል ወደ እኔ ዞረው "አንቺስ ምን አየሽ?" አሉኝ። "እኔ ካይቴን ቀጥ አድርጌ ይዤ ነበር፤ እሷ ናት ዞራ የመጣችብኝ" አልኩ። አየሽኝ። ምነው በሰደብሽኝ! በማግስቱ ሽማግሎቹ እንደፈረዱብሽ ድንጋይ ተሸክመሽ ጋሽ አንዳርጌ ደጅ አጎንብሰሽ ቆምሽ፤ እኚያው ተማሪዎችሽ አጥር ላይ ተንጠልጥለው እያዩሽ። ነጠላሽን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ወገዳ ተዛውረሽ ስትሄጂም መናኸሪያ ድረስ አልሸኘሁሽም።

ዋሽቼ ነበር ወይ? ያኔ ብትጠይቂኝ በማርያም ስም እምልልሽ ነበር። ሲፈራ ሰው ያላየውንም ያያል። ራሴን አሳምኜው ነበር፤ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ስፌት ሳቃና እጄ ጨርቁን ሳይዝ እግሬ የመኪናውን መርገጫ ይነዳዋል፤ የአስካለን የሰርግ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ሁለቴ ተረተርኩት።

ክሮቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተጠላለፉ በፌስታል ታስረው ከስፌት መኪናዬ ሥር ነበሩ። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አወጣኋቸው። ልቆርጣቸው ነበር፤ መቀሱን አንሥቼ ነበር። ከዚያ መቀሱን ከሱቁ አውጥቼ ለጎረቤት ሰጠሁና ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ቋጠሮውን በመርፌ ጫፍ እያላላሁ፣ ስናደድ ወጥቼ መንገዱን አንድ ጊዜ እየዞርኩ እየተመለስኩ። በዘጠነኛው ቀን ክሮቹን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ዘረጋኋቸው።

በቀይ ቀለም የነከርሻቸው የአንቺ ሁለት ክሮች እርስ በርሳቸው አልተነካኩም፤ የተበጠሰውም እስከ ተበጠሰበት ድረስ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የእኔ ነጮቹ ሦስት ጊዜ ተጠማዝዘዋል፤ ከሦስቱም ሁለቱ በአንቺ ክር ላይ ናቸው። ያላዞርሽው ካይት ክሩ አይጠመዘዝም። ቀጥ ብለሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ዞሬ የመጣሁብሽ እኔ ነኝ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በማግስቱ ድንጋይ ተሸክሜ ጋሽ አንዳርጌ ዘንድ ሄድኩ። እርሻቸውን የወንድማቸው ልጅ እያረሰላቸው፣ እሳቸው ዳር ቆመው በግራ እጃቸው ያመለክታሉ። ያ ቀኝ ክንድ እርፍ መጨበጥ አልቻለም። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"አውርጂው" አሉኝ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።"

"እኔማ አንዴ ይቅር ብያለሁ፤ ሁለተኛ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? የተሸከመችው ያቺ ልጅ ናት። ሂጂ ለእሷ ንገሪ።"

ለአንቺ ከመንገሬ በፊት ግን ስምሽን ካጠፋሁበት ቦታ ልመልስልሽ ፈለግሁ። ባለፈው እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ክሮቹን ይዤ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩ። ተማሪዎችሽ እዚያ ነበሩ፤ ሽማግሎቹም ነበሩ። እንደጻፍኩልሽ አድርጌ ተናገርኩ። መሪጌታ ክሮቹን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"ፈራሁ፣ አባቴ።"

"ምኑን?"

"ድንጋዩን።"

መሪጌታ "እኛም በደንብ ሳንጠይቅ ነው የጫንባት" አሉና ክሮቹን መልሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ልጆቹ ተከትለውኝ እስከ ሱቅ መጡ። አንዳቸውም አላናገሩኝም፤ እንዴት እንደወደዱሽ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ደብዳቤ ነገ ለወገዳው ሾፌር እሰጠዋለሁ። እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። ተመለሽ አልልሽም፤ ይቅር በይኝ ብዬም አላስጨንቅሽም። ቋጠሮውን ሁሉ ፈትቼዋለሁ፤ ሦስቱን ዙር ግን በዓይንሽ እንድታያቸው አልነካኋቸውም። ከፈቀድሽ፣ አንቺ የክሩን ጫፍ ይዘሽ ባለሽበት ትቆሚያለሽ፤ እኔ ሦስት ጊዜ በግራ ዞሬሽ እፈታዋለሁ። ካልፈቀድሽ በሩን አትክፈቺ። እኔ ደጅሽ ላይ እቆማለሁ። መቆም እንደማይሆንልኝ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ፤ ግን እቆማለሁ።

ያን ቀን "ወደ እኔ ነይ" ብለሽኝ ነበር። በጣም አርፍጃለሁ፤ እየመጣሁ ነው።

ነጠላሽን የያዘችው፣
ብርነሽ