የሞተርን ድብቅ ብልጭታ ለአብራሪ ዓይን ያበቁት የ«ካንዴላ» የሕይወት ታሪክ

ውድ እህታችን ከውሃ ፓምፕ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤታችን ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ አዝለው ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ሦስተኛ ክፍል ሳሉ መምህሩ የእርሳስ ሳጥናቸውን ቢከፍቱ፣ በብረት ብሩሽ ተፈግፍጎ የሚያብረቀርቅ አሮጌ የሞተር ካንዴላ አገኙ። ምን እንደሆነ ሲጠየቁም «አባባ ሞቷል ብሎ ጥሎት ነው፤ ለእኔ ግን አልሞተም» ብለው መለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው ካንዴላ ሆኖ ቀረ። በዋናው ስማቸው የሚጠሯቸው እናታችን ብቻ ነበሩ፤ ያውም ሲቆጧቸው።

በ1965 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀው ቴክኒክ ኮሌጅ በመግባት ኤሌክትሮኒክስ ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በማዕረግ ተመርቀው በአንድ አነስተኛ የአውሮፕላን ድርጅት ተቀጠሩ። ይሁን እንጂ የተመደቡት ከአውሮፕላን አጠገብ ሳይሆን ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲያወጡና ሲያስገቡ ቆዩ፤ የምሳ ሰዓታቸውን ግን የጥገና መጻሕፍት እያገላበጡ ያሳልፉት ነበር። በ1971 ዓ.ም. ፈተና ወስደው ወደ መሣሪያ ጥገና ክፍል ተዛወሩ።

በ1979 ዓ.ም. ድርጅቱ የባለሁለት ሞተር አውሮፕላኖቹን ባለቀስት መለኪያ ሰዓቶች አንሥቶ በኤሌክትሮኒክ ስክሪን ተካቸው። ሙቀቱም፣ ነዳጁም፣ የዘይት ግፊቱም ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የማቀጣጠያው ነገር ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ሞተር ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጥ ሁለት ማቀጣጠያ አለው። እህታችን ይህን ለማንም ሲያስረዱ፣ «ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። አንዱ ሲለግም ሌላው ይሸፍንለታል፤ ሞተሩም ደህና ይመስላል። ሸፋኙ የደከመ ዕለት ነው ጉዱ» ይሉ ነበር። ስለዚህ በየማቀጣጠያው ላይ ሴንሰር ተተክሎ፣ የብልጭታው ጤንነት በአራት የብርሃን ዘንጎች ስክሪኑ ላይ እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ፤ ተፈቀደላቸውም።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳፈራቸው። ሞተሩ ሲነሣ አራቱም ዘንጎች ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጡ። የክፍሉ ኃላፊ «በሁለት ሳምንት ካልተስተካከለ ሴንሰሮችሽን ነቅለሽ አንቺም ወደ ብሎንሽ ትመለሻለሽ» አሏቸው። እህታችን ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው እየዳሰሱ ተከታተሉት። በአሥረኛው ቀን የሴንሰሩ ሽቦ ከማቀጣጠያው ባለከፍተኛ ኃይል ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሮ አገኙት፤ ጎረቤቱ ሲጮህ እሱም አብሮ ይጮህ ኖሯል። በሌላ በኩል አዙረው፣ የብረት ጥልፍ የለበሰ ሽቦ ዘረጉለት። ዘንጎቹም ቀጥ አሉ።

በዚያው ወር አንድ ጠዋት ስምንት ተሳፋሪዎች ተሳፍረው ሳለ ከአራቱ ዘንጎች አንዱ አጥሮ ይዋልል ጀመር። ኃላፊው «ያው የሽቦሽ ጣጣ ነው» አሉ። አብራሪው ካፒቴን፣ ስክሪኑን «ቴሌቪዥን» እያሉ ሲቀልዱበት የከረሙት፣ ጆሯቸውን አዘንብለው «ሞተሩ እየዘፈነ ነው፤ ምን ሆንሽ?» አሉ።

እህታችን ያጠረውን ዘንግ በጣታቸው አመለከቱ። «ጆሮዎን አላማም፣ ካፒቴን። ጆሮዎ የሚሰማው ሁለቱን አንድ ላይ ነው። እኔ ግን ይብረር ብዬ አልፈርምም» አሉ።

ካፒቴኑ ስክሪኑን አዩ፤ እህታችንን አዩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ተሳፋሪዎቹን ይቅርታ ጠየቁ። ማቀጣጠያው ሲፈታ ውስጡ ያለው ጥርስ ተሰንጥቆ በክር መጠን ተንጠልጥሎ ተገኘ። ኃላፊው የተሰነጠቀውን ጥርስ አገላብጠው አዩና «ለሌሎቹም አውሮፕላኖች ግጠሚ» አሉ። ኃላፊው በኖሩበት ዘመን ከአፋቸው ይህን ያህል ምስጋና የወጣበት ሌላ ቀን አይታወቅም።

ካፒቴኑ በማግሥቱ መጥተው ስክሪኑ እንዲብራራላቸው ጠየቁ። በሳምንቱም መጡ። እህታችን «ሰባት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። ሞኝ እንዳልሆነ የገባኝ በሦስተኛው ነው፤ የቀሩትን አራቱን ያስረዳሁት ወድጄ ነው» ይሉ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ቤታቸው ሳቅ የማይጠፋበት ነበር። ስለ እህቴ ምግብ አሠራር ግን ምስክርነት አልሰጥም፤ ካፒቴኑም አይሰጡም።

እህታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአርባ በላይ ባለሙያዎችን አሠልጥነዋል። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም፤ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይሉታል። ዛሬ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ በዚያ ወንበር አጠገብ የተቀመጣችሁ ናችሁ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ከማረፋቸው በፊት ጠርተውኝ፣ «የሕይወት ታሪኬን አንተ ትጽፋለህ፤ አውቅሃለሁ፣ ታስረዝማለህ። ሰው ፀሐይ ላይ እንዳታቆምብኝ። ሽማግሌዎቹንም አስቀምጣቸው» ብለውኝ ነበር። ከትእዛዛቸው በጥቂቱ አልፌያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለካፒቴናችንና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። እናንተም ስትመለሱ ጥላ ጥላውን ሂዱ፤ እሳቸው ቢኖሩ ይህን ሳይሉ አይሸኟችሁም ነበር።