ቋሊማ በፍልሰታ

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

ከመ/ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ዘይት ዛሬም የለም። የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆሜ ቆሜ ሳሙና ብቻ ይዤ ተመለስኩ።

የቀበሌውን ሊቀመንበር ግን አገኘሁት። ከስብሰባ እስኪወጣ ጠብቄ ስለ ወንድሜ ነገርኩት። ሰሎሞን ተመልምሏል። የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዱታል። እናትና አባት የለንም፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ከእሱ በቀር ሰው የለኝም አልኩት። ይህ እዚህ አይወራም፣ ቅዳሜ ማታ ቤትሽ እመጣለሁ አለኝ። ቤትሽ እመጣለሁ ማለት እራት አዘጋጂ ማለት ነው። ይህ አይጠፋኝም።

ምን ላብላው? ፍልሰታ ገብቷል። ቤት ያለው ሽሮና ድንች ነው። በየስብሰባው ጾምን ኋላ ቀር ልማድ እያለ ሲሰድብ ለሚውል ሰው ሽሮ ማቅረብ፣ እኔ ጿሚ ነኝ አንተ ከሃዲ ነህ ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነው። ሥጋ መሆን አለበት።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ስለ ሊቀመንበሩ ቤት የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ጀምረው ነበር። ሐሜት መስሎኝ አቋረጥኳቸው። ለሐሜት ጊዜ የለኝም።

ነሐሴ 5፣ ሐሙስ

የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ። የእስላሙ ክፍት ነው፤ ግን የእስላም ሥጋ ለክርስቲያን ማቅረብ ሌላ ጣጣ። አብዮተኛ ለዚህ ግድ የለውም ይላሉ። እንጃ። ሰንጋ ተራ ካለው የመንግሥት ሱቅ ቋሊማ ገዛሁ። የበሬ ነው ብሎ ሻጩ ማለ። ማን እንደባረከው የማይታወቅ ሥጋ። ለሶሻሊዝም ይስማማል።

በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱትን አንገቴን ደፍቼ እያለፍኩ ገባሁ። ሌባ መሰልኩ።

ነሐሴ 7፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት

ምግቡ ደርሷል። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅዬ ላጥኩት፤ ወፈር ወፈር አድርጌ ከተፍኩት። ቋሊማውን በስሱ ቆርጬ ያለ ዘይት ብረት ድስት ላይ ጣልኩት፤ የራሱ ስብ ቀለጠለት። ሽንኩርት፣ ትንሽ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ከዚያ ድንቹን ገለበጥኩበት፣ ስቡን ሁሉ ጠጣው። ቋሊማው ለሁለት ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። ድንቹ ከጉድ አወጣኝ።

መቅመስ የለም። ጨዉን በማሽተት ገመትኩት። ወንድሜን ሰሎን ቅመስልኝ ብለው እምቢ አለ። እኔ የምንከራተተው ለእሱ፣ እሱ የሚሳሳው ለነፍሱ። ጮህኩበት። ኋላ አፈርኩ። ሽታው ግቢውን ሞልቶታል፤ የልደታ ደወል ደግሞ ይደወላል። እመቤቴ ይቅር በይኝ።

ነሐሴ 8፣ እሑድ ጠዋት

ብቻውን አልመጣም። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽ/ቤት አንድ ካድሬ አስከትሏል። ሣቂ፣ ወፍራም ሰውዬ።

ሳህኑን ፊቱ ሳስቀምጥ ሊቀመንበሩ ገፋ አደረገው። ቀስ ብሎ፣ ሆዴን አሞኛል፣ ሻይ ይበቃኛል አለ። ካድሬው ሣቀ። ጓድ፣ ፍልሰታ ይዘህ እንዳይሆን ብሎ ትከሻውን መታው። ቀልድ ነው። ዓይኑ ግን አልቀለደም።

ሊቀመንበሩ ሹካውን አነሳ። በላ። ሁሉንም በላ፣ እያንዳንዱን ቋሊማ። ላብ ግንባሩ ላይ። ካድሬው ሁለቴ አስጨመረ፣ እጄን አመሰገነ። ስለ ሰሎ ቃል አልተነሳም። ሲወጣ ሊቀመንበሩ እጄን አልጨበጠኝም።

ምን አጠፋሁ? ጨው በዛ?

እዚያው፣ ከሰዓት

ጨው አይደለም። እትዬ ዘይነባ ሱፍና ተልባ እየፈጩ ይሸጣሉ። ፍልሰታ በገባ ቁጥር የሊቀመንበሩ ሚስት ከእሳቸው ትወስዳለች፤ በጓሮ፣ በነጠላ ሸፍና። ሰውየው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ አይቀምስም። ማክሰኞ ሊነግሩኝ የነበረው ይህንን ነው። ብትሰሚኝማ ኖሮ አሉኝ። ሌላ አላሉም፤ ክፉ ሴት አይደሉም።

አስቢው እስቲ። እኔ ጿሚ፣ ሰሎ ጿሚ፣ እሱ ጿሚ። በገዛ ቤቴ፣ አንዳችን ሌላውን ስንፈራ፣ ሥጋ አስበላሁት። ልሥቅ ነበር። አለቀስኩ።

ነሐሴ 9፣ ሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ይቅርታ፣ አላወቅኩም ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ዞር ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽሮ ይበቃኝ ነበር፣ እህቴ» አለኝ።

ቁጣ የለውም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወንድምሽን ላስቀረው አስቤ ነበር፣ አሁን ግን ያ ካድሬ እያየኝ ነው፣ ካንቺ ቤት በልቼ እሱን ባስቀር ማን ያድነኛል አለ። ገባ። በሩን ዘጋ።

ነሐሴ 10፣ ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት

በምሳ ሰዓት ካድሬው መ/ቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ሣቀ። ያ ድንች በቋሊማ ከአፌ አልጠፋም አለኝ። ወንድምሽን ማስቀረት ለእኔ የአንድ ቃል ጉዳይ ነው አለኝ። ግን አንቺም ለአብዮቱ አንድ ቃል አዋጪ። ያ ጓድ ሊቀመንበራችሁ እውነት ሆዱን ታሞ ነበር? ጎረቤት ነሽ፣ ሳትሰሚ አትቀሪም። ዛሬ 12 ሰዓት እመጣለሁ፣ እየበላን ትነግሪኛለሽ አለ።

ከሥራ አስፈቅጄ ቋሊማ ልገዛ በቀጥታ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። እግሬ ራሱ ወሰደኝ።

ሰሎ ልብሱን እያጠፈ ነው፤ ለነገ። ሸሚዙን ደርቦ ደርቦ ያጥፋል፣ አያየኝም። ገና ጢሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። ከዚህ ከጌጃ ሰፈር ከሄዱት ልጆች ማን ተመለሰ?

ሊቀመንበሩ ሦስት ልጆች አሉት። ትንሿ በቤታችን በር ታልፋለች፣ እንደምን አመሹ ትለኛለች። ምን እንደሚያገኛቸው አውቃለሁ። የእትዬ ዘይነባን ስም አላነሳም፤ በዓይኔ አየሁ እላለሁ። ለሰሎ አልነግረውም፣ ቢያውቅ እምቢ ይላል።

ድንቹ እየፈላ ነው። ወስኛለሁ። ሊቀመንበሩ ጿሚ ነው ብዬ ለካድሬው እነግረዋለሁ። ከዚያም እስከ ነሐሴ አሥራ ስድስት ድረስ ጾሜን እጾማለሁ።